ከ1 ዓመት ከ8 ወር ልጅ ጋር ሐዋሳ፦ ይሞከራል ወይስ ይቅርብን?

የጠዋት ቡና፦

ሰላም ቤተሰብ፣ ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ልጃችን 1 ዓመት ከ8 ወር ሆኖታል። ከተወለደ ጀምሮ ከአዲስ አበባ ወጥተን አናውቅም። ወጣን ከተባለ እናቴ ጋ ነው፣ እሱም ከሲኤምሲ ሳሪስ። ባለቤቴ ሰሞኑን ምን እንደነካው እንጃ፣ "በሚመጣው ወር ዓርብ ወጥተን እሑድ እንመለስ፣ ሐዋሳ ሄደን ፈታ እንበል" አለኝ። ደስ አለኝ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ላብ ላብ አለኝ።

ይህን ዕድሜ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። መሮጥ ያውቃል፣ መቆም አያውቅም። መሬት ላይ ያገኘው ነገር ሁሉ አፉ ገብቶ ነው የሚመረመረው። ቀን 6 ሰዓት ላይ ካልተኛ ማታ እኛም አንተኛም። መኪና ውስጥ ብዙ ተቀምጦ አያውቅም፤ አንዴ ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ስንቆም በራሱም በእኔም ልብስ ላይ አስመለሰ።

የባሌን ፕሮግራም ስሙልኝማ። ዓርብ ከሰዓት እንነሳለን፣ ዝዋይ አሳ እንበላለን፣ ማታ ፍቅር ሐይቅ ወክ እናደርጋለን። ቅዳሜ ጠዋት አሳ ገበያ፣ ቀጥሎ ጀልባ፣ ቀጥሎ ታቦር ተራራ፣ ማታ ባንድ ያለበት ቤት። እሑድ በላንጋኖ አድርገን እንመለሳለን። ይኼ እኮ ሳንወልድ የሄድነው ጉዞ ነው! አንድም ነገር ሳይቀንስ ነው የደገመው። "ልጁስ?" ስለው "አብሮን ነዋ" አለኝ።

እና ንገሩኝ። በራሳችን መኪና ይሻላል ወይስ በአውሮፕላን? ወባው እንዴት ነው? ሞግዚቷን ይዘን እንሂድ ወይ? ከዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ከልጅ ጋር የሚሆነው የቱ ነው? ልጅ ይዛችሁ የሄዳችሁ ብቻ መልሱልኝ እባካችሁ፣ በወሬ የሰማችሁትን አይደለም። ከተመለስን በኋላ የሆነውን እዚሁ እጽፋለሁ።


የሁለቱ እናት፦

ሂዱ እህቴ። እኔ ትልቋን 2 ዓመት ሳይሞላት ነው የወሰድኳት፣ ትንሹን ደግሞ ገና ዳዴ እያለ። ዳዴው ይቀላል፣ ቢሄድም ብዙ አይርቅም። የሚሮጠው ነው ጉዱ።

መጀመሪያ ዓርብ ከሰዓት የሚለውን ሰርዢ። ዓርብ ከሰዓት ከአዲስ አበባ ለመውጣት የሚፈጀው ሰዓት ራሱ አንድ ጉዞ ነው፣ ሻሸመኔ ስትደርሱ ደግሞ ይመሻል፤ በዚያ መንገድ በጨለማ ልጅ ይዛችሁ አትንዱ። ከቻላችሁ ዓርብ ፈቃድ ውሰዱና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ። እኛ ትልቋን ከነፒጃማዋ ነው አንስተን መኪና ውስጥ ያስገባናት፣ ሞጆ እስክንደርስ አልነቃችም። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጅ የሌለው በ4 ሰዓት ተኩል ይገባል፣ ልጅ ያለው 6 ሰዓት ብሎ ይያዝ። እስከ ዝዋይ፣ ማለቴ ባቱ፣ በፍጥነት መንገዱ ስለሆነ ለስላሳ ነው፣ እዚያ ላይ ይተኛ። ከዚያ በኋላ በግ አለ፣ አህያ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ፍሬን በፍሬን ነው፤ የሚያስመልስ ልጅ የሚያስመልሰው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ባቱ ላይ ለቁርስ ውረዱ። ባልሽ አሳውን ለቁርስ ይብላ፣ ነውር አይደለም። አንቺና ልጁ ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ ፔሊካኖቹን እዩ፣ ግማሽ ሰዓት ሮጦ ይድከም።

ልትነሱ ስትሉ ወተት እንዳትሰጪው። ደረቅ ዳቦ፣ ካልሆነ ትንሽ ሙዝ ይበቃዋል። ትንሹ ልጄ ጡጦውን ጨርሶ ተነስቶ ቢሾፍቱ ሳንደርስ እንዳለ አስረከበን። ፎጣ፣ ፌስታል፣ እርጥብ ሶፍት፣ ሁለት ቅያሪ ለእሱ፣ አንድ ቅያሪ ለአንቺ። ይኼ ሁሉ እጅሽ ሥር ይሁን፣ ኋላ ሻንጣ ውስጥ ከሆነ የለሽም ማለት ነው።

ካር ሲት ካላችሁ እሱ ላይ እሰሩት። ከሌላችሁ ተዋሱ። ጭኔ ላይ አቅፌው እሄዳለሁ እንዳትይ፣ በተለይ ፊት ወንበር። አውቃለሁ፣ ሁላችንም እንደዛ ነው ያደግነው። ያኔ ግን በ100 የሚነዳበት መንገድ አልነበረም።

ሆቴል ስትይዙ ደውለሽ ጠይቂ፦ ደረጃ የሌለው ክፍል አለ ወይ፣ ቅዳሜ ሠርግ ወይ ባንድ አለ ወይ፣ ገንዳው አጥር አለው ወይ። እኔ አልጠየቅሁም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ድምፅ ማጉያ ሥር እሹሩሩ ስል አመሸሁ። ገንዳው ደግሞ ከክፍላችን በር አሥር እርምጃ ላይ ነበር፣ አጥር የለው ምን የለው። ሁለቱን ቀን ተራ ገብተን በር ስንጠብቅ ነው ያለቀው። የሆቴሉን ስም አልጠራም፣ ሳልጠይቅ የገባሁት እኔ ነኝ።

ጦጣውን ልረሳው ነበር! ሐይቁ ዳር ያሉት ግቢዎች ውስጥ ጦጣም ጉሬዛም አለ። ጉሬዛው ጨዋ ነው፣ ዛፉ ላይ ሆኖ ነው የሚያይሽ። ጦጣው ሌባ ነው። ልጄ ሙዝ ይዛ ቆማለች፣ ጫማዋን ላስር ጎንበስ አልኩ፣ ቀና ስል ሙዙ የለም። አልቧጨራትም፣ ተመስገን። ግን ለስንት ወር ሙዝ በሰጠኋት ቁጥር መጀመሪያ ቀና ብላ ዛፍ ትፈልግ ነበር፣ ሳሎን ውስጥ ሆና።


ጥቁር ውሃ፦

እኔ ሐዋሳ ነው ተወልጄ ያደግሁት፣ አሁንም እዚያው ነኝ፣ የ3 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ፕሮግራሙ ግን የጎረምሳ ነው።

ታቦር ይቅር። ከላይ ሆነሽ ከተማውና ሐይቁ አንድ ላይ ይታያል፣ ያምራል፣ ግን ልጅ አዝሎ በፀሐይ ዳገት መውጣት ምን ዕዳ ነው። ጀልባውም ይቅር። ችግሩ ጃኬቱ ነው፣ በእሱ ልክ የሚሆን ማግኘት ይከብዳል፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ብታለብሱት ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። ጉማሬው የትም አይሄድም፣ ሲያድግ ያየዋል።

አሳ ገበያው ግን እንዳያመልጣችሁ። አሞራ ገደል ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል 2 ሰዓት ላይ ግቡ። ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ይደርሳሉ፣ ልጆቹ ቆሮሶውን ከመረቡ እየፈለቀቁ ይጥላሉ፣ አጠገባቸው አምባዛ ገና ይንፈራገጣል። የሚበልቱት ልጆች እጅ ደግሞ ለብቻው ይታያል፤ አንዱን አሳ ገልበጥ አድርገው ቆዳውን ይገፉታል፣ ሥጋውን ከግራና ከቀኝ ያነሱታል፣ ጭንቅላትና አጥንቱን ሳያዩ ወደ ኋላ ይወረውሩታል። ኋላ የሚጠብቀው አባ ኮዳ ነው። ለማታውቁት፣ አባ ኮዳ ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ትልቅ ወፍ ነው፣ ቁመቱ ከልጅሽ ይበልጣል። ሰው አይፈራም። አይተናኮልም፣ ግን ልጁ መሬት ላይ የወደቀ አሳ እንዳያነሳ እጁን ያዢው፣ ምንቃሩ ቀልድ አያውቅም። መሬቱ ያንሸራትታል፣ ስለዚህ የልጅ ጋሪ ይዛችሁ አትግቡ፣ አንቀልባ ወይ የአባት ትከሻ ነው የሚያዋጣው። ከ45 ደቂቃ በላይ አትቆዩ፣ ፀሐይ ሲበረታ ሽታውም ይበረታል።

እዚያው ጥሬ አሳ በዳጣ ይበላል። ለባልሽ ይሁን፣ ልጁ አይቅመስ። ለእሱ ሾርባ ወይም ፊሌቶ ጥብስ እዘዙ፣ "ለሕፃን ነው፣ ሚጥሚጣ እንዳይነካው" በሉ። ፊሌቶ ሆነ ማለት ደግሞ አጥንት የለውም ማለት አይደለም። እኔ ለልጄ ስሰጥ እያንዳንዷን ቁራሽ በሁለት ጣቴ አፍርሼ ዳብሼ ነው። እናቴ ታየኝና "አንተን በዚህ አኳኋን አላበላሁህም፣ ይኸው አለህ" ትለኛለች።

ከሰዓት ምንም አታቅዱ። የምሬን ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ወርዳችሁ ነው የምትመጡት፣ ቀን ላይ ይሞቃል። እኛ የአገሩ ሰዎች እንኳ ምሳ በልተን ጥላ ነው የምንፈልገው። ተኙ። 10 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ውጡ፣ የሐይቁን ዳር ይዞ የሚሄድ ለጥ ያለ የእግር መንገድ አለ፣ ጋሪውን እዚያ አውጡት። ልጁ ከጋሪው ከወረደ ግን እጁ እጃችሁ ውስጥ ይሁን፣ ውሃው ቅርብ ነው።

ባጃጅ አትርሱ። ትልቅ ሰው መጓጓዣ ይለዋል፣ ለልጅ የመጫወቻ ቦታ ማለት ነው። አጭር መንገድ፣ በሁለታችሁ መሐል አስቀምጣችሁት።

ቀን ስትመርጡ ታኅሣሥ 19ንና ሐምሌ 19ን ሽሹ። የገብርኤል ንግሥ ነው፣ ከየአገሩ ሰው ይመጣል፣ አልጋ አይገኝም። ፍቼ ጨምበላላ ሰሞንም ከተማው ይሞላል። በፈረንጆች 2015 ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው፣ ጉዱማሌ ላይ ቆሞ ማየት ያስደስታል፣ ለዚያ ግን ልጁ ሁለት ዓመት ይጨምርና ኑ።


እኔስ አልሄድም፦

ሁላችሁም ሂጂ ሂጂ ትሏታላችሁ፣ እኔ ተቃራኒውን ልበል። 6 ሰዓት ሄዶ 6 ሰዓት መመለስ ማለት ከሦስት ቀን ውስጥ አንዱን ሙሉ ቀን መኪና ውስጥ መዋል ነው። ልጁ ሐዋሳን አያስታውሳትም። ቢሾፍቱ ከዚህ 45 ኪሎ ሜትር ናት፣ ሐይቅ አላት፣ አየሯ ጥሩ ነው፣ ቢታመምባችሁ ወይ አልተኛ ቢላችሁ ዕቃችሁን ጠቅልላችሁ ማታ ቤታችሁ ትገባላችሁ። እኛ ከ1 ዓመት ተኩል ልጅ ጋር አርባ ምንጭ ድረስ ነው የሄድነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ከባሌ ጋር አንነጋገርም ነበር። ፎቶዎቹ ላይ ሁላችንም እንስቃለን። ውሸት ነው።


የጠዋት ቡና፦

ሳቄን አመጣሽው። ግን ቢሾፍቱ ስል ሥልጠና ነው ትዝ የሚለኝ፣ መሥሪያ ቤት ስንት ጊዜ ወስዶ አዳራሽ ውስጥ ዘግቶብኛል። አበል ካልተከፈለኝ ቢሾፍቱ አልሄድም።


የሁለቱ እናት፦

ለማስታወስማ ጡት መጥባቱንም አያስታውስም፣ እና አላጠባሽውም?


ነጭ ጋውን፦

ስለ ወባው ማንም አልመለሰላት። የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ።

ሐዋሳ ወባ አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ደግሞ ወባን ለምዶ አያውቅም፣ ሲይዘው ይጠናበታል። ሁለት ሌሊት ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ። አጎበር ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሆቴሉ አለን ቢል እንኳ ቀዳዳ እንዳለው የምታዩት ማታ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሱቅ ተዘግቷል። ፀሐይ ስትጠልቅ ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ፣ ካልሲ። የሚቀባ የትንኝ መከላከያ ከገዛችሁ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን ጀርባውን አንብቡ፣ እጁ ላይ አትቀቡት፣ አፉ ውስጥ ነው የሚገባው። የሚዋጥ መከላከያ ያስፈልገዋል ወይ የሚለውን ለልጁ ሐኪም ተዪው፣ ፋርማሲ ገብተሽ በራስሽ አትግዢ።

ዋናው ግን ከተመለሳችሁ በኋላ ነው። ትኩሳት ከመጣ፣ ከሳምንትም በኋላ ይሁን ከወርም በኋላ፣ "ጥርስ ሊያወጣ ነው" ብላችሁ እንዳትቀመጡ። የዚያኑ ቀን ውሰዱትና "ሐዋሳ ሄደን ነበር" በሉ። ያንን ቃል ካልተናገራችሁ አዲስ አበባ ላይ ወባ መጀመሪያ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ሐይቁ ውስጥ እግሩን አትንከሩ፣ ቢልሃርዝያ አለ። ውሃ የታሸገ ብቻ። ኦ አር ኤስ ሁለት ሦስት ፓኬት፣ ቴርሞሜትር፣ ከዚህ በፊት የተስማማው የትኩሳት ሽሮፕ ይኑራችሁ። ምጥኑንና ፔርሙዙንም ያዙ፣ የማያውቀውን ምግብ እምቢ ካለ ቢያንስ አጥሚት ይጠጣል።


አባትዬው፦

እኛ በአውሮፕላን ነው የሄድነው። በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። 2 ዓመት ያልሞላው በጭን ስለሚሄድ ከሙሉው ቲኬት ጥቂቱን ነው የምትከፍሉለት፣ አራት ወር ቀርቷችኋል፣ ተጠቀሙበት። ሲነሳና ሲያርፍ ጡት ወይ ጡጦ ስጪው፣ ጆሮውን እንዳያመው። ግን ሂሳቡን እውነቱን እንነጋገር። ቦሌ ቀድሞ መድረስ አለ፣ ፍተሻ አለ፣ ልጅ አቅፎ ጫማ ማውለቅ አለ፣ የሐዋሳው ኤርፖርት ደግሞ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ሲደመር ግማሽ ቀን ይጠጋል። እዚያም መኪና የላችሁም። ቢሆንም የሚያስመልስ ልጅ ላለው እኔ አውሮፕላን እላለሁ።

ሞግዚቷን በተመለከተ፣ መጀመሪያ እሷን ጠይቂያት። እኛ ሳንጠይቅ ወስደናት ለካ እሑድ ከእህቷ ጋር የምትገናኝበት ብቸኛ ቀኗ ኖሯል፣ ሦስቱንም ቀን አኩርፋ ዋለች፣ ልክ ነበረች። ብትስማማም ለብቻዋ ክፍል ያዙላት፣ እሷም ሰው ናት። ያለ እሷ ከሄዳችሁ ፈረቃ ግቡ። ባልሽ ባንዱን ከፈለገ ቅዳሜ ማታ ይሂድ፣ እሑድ ጠዋት ልጁን ይዞ ይውጣ፣ አንቺ ቡናሽን ሳይቀዘቅዝ ብቻሽን ጠጪ።


የጠዋት ቡና (ከአምስት ሳምንት በኋላ)፦

ተመልሰናል። ቃል ስለገባሁ ልጻፍ።

በመኪና ሄድን። 12 ሰዓት ብለን 1 ሰዓት ከሩብ ወጣን፣ ዳይፐሩን ረስተን ከመገናኛ ስለተመለስን። እስከ ባቱ አንድም ነገር የለም፣ ተኝቶ ነው የደረሰው። ፔሊካን አየ፣ ሮጠ፣ ሳቀ፣ እኛም ኮራን። አርሲ ነገሌ ስንገባ አስመለሰ። እኔ እየነዳሁ ነበር፣ ኋላ አብሮት የተቀመጠው አባቱ ነው፣ አገኘው። የሁለቱ እናት፣ ለእኔ ቅያሪ ያዢ አልሽኝ እንጂ ለባሌ አላልሽም! ሐዋሳ የገባው ከላይ ጃኬት ብቻ ለብሶ፣ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘግቶ፣ በዚያ ሙቀት።

ከፕሮግራሙ የተረፈው አሳ ገበያውና ፍቅር ሐይቅ ነው። ላንጋኖም ቀረ። ልጃችን እንስሳ ሁሉ "ኩቲ" ነው የሚለው፣ ውሻም ድመትም ላምም ለእሱ ኩቲ ነው። አሞራ ገደል ገብተን ከትከሻ አውርደን እጁን እንደያዝነው አንዱ አባ ኮዳ በሰው መሐል ቀስ እያለ፣ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ሽማግሌ እየተራመደ መጥቶ ፊቱ ቆመ። ተያዩ። ልጁ አንገቱን ሽቅብ ቀና አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ኩቲ?" አለ። እንደዚያ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም፣ ሁልጊዜ እርግጠኛ ነበር። አሳ የሚበልቱት ልጆች ቢላቸውን አስቀምጠው ሳቁ። አንዱ ጎንበስ ብሎ "ኩቲ አይደለም፣ ጋሼ፣ አባ ኮዳ ነው" አለው።

ሾርባውን ጠጣ፣ ፊሌቶውን አልነካም። እኔ ያንን ሁሉ ዳብሼ ባሌ በላው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስታችንም ከ7 እስከ 10 ሰዓት ተኛን። ከወለድኩ ጀምሮ በቀን ሦስት ሰዓት ተኝቼ አላውቅም፣ ለእሷ እንቅልፍ ብቻ ስል ደግሜ እሄዳለሁ። ማታው ግን ተከፈለ፤ አዲስ አልጋ፣ አዲስ ክፍል፣ አጎበሩን እየጎተተ እስከ እኩለ ሌሊት አልተኛም። ባሌ ባንዱ ጋ አልሄደም። ሆቴሉ ከሩቅ ከሚሰማ ሙዚቃ በቀር ጸጥ ያለ ነበር፣ ኮሪደሩ ላይ ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ እስክስታ ቢጤ እየመታ አስተኛው። በሩን ገርበብ አድርጌ አየኋቸው፣ አላወቀብኝም።

ነጭ ጋውን፣ ትኩሳት እስካሁን የለም፣ ግን ቃልሽን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ።

ትናንት የጎረቤታችን አውራ ዶሮ አጥሩ ላይ ወጥቶ ሲጮህ ልጁ አየውና በሙሉ ድምፁ "ኮዳ!" አለ። አባቱ በደስታ ብድግ ብሎ ስልኩ ላይ አርባ ምንጭ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ እየፈለገ ነው። እኔስ አልሄድም፣ የት ነሽ? ነይና አናግሪልኝ።